ቃዲው «ነጻ ነህ» ያሉት መርከብ ሠሪ

ሳንቃ በገመድ እየሰፋ መርከብ የሚሠራው ጁንዱብ በባስራ ወንዝ ዳር ለከሰዓት በኋላው የዐስር ሰላት ውዱእ ሲያደርግ፣ የታጠበውን እግሩን መልሶ መላልሶ ያጥባል። የእህቱ ልጅ ሰዋር ከመስጊድ ትምህርቱ ሲመለስ አየውና ቆመ።

«አጎቴ፣ ይተዉት እንጂ፤ ቆዳው ሊላጥ ነው።»

«አልጠራ አለኝ።» ዐይኑ ወደቡ ላይ ነው። ትናንት ያስረከበው መርከብ ውሃው ሲሞላ ሊነሣ ተጓዥ እየጫነ ነበር።

«ምን ሆነው ነው?»

ሽማግሌው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የታች ሳንቃዎቹን የሰፋሁበት የቃጫ ገመድ አሮጌ ነው። አዲሱ ከህንድ ሳይደርስልኝ ቀረ። ገዢውን ‹ከነእንከኑ ተረከበኝ› አልኩት፤ በምስክር ፊት ተረከበኝ። ቃዲውም ‹ነጻ ነህ› አሉኝ።»

ቃዲው ይህን ሲሉ ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። ጥምጥሙ የከበደ ሰው፣ እጁ የመርከብ መቀቢያ የዓሣ ዘይት የሚሸተውን ቀና ብሎ አያይም፤ የቆየ ነገር ነው።

«ተጓዦቹስ ከነእንከኑ ተረክበናል ብለዋል?»

«አንተ ልጅ፣ ሕግ ነጻ ካለኝ ክፉ ነው የሚለኝ ማነው? አእምሮዬ? መልካም አላህ ያዘዘው፣ ክፉ የከለከለው ነው። አእምሮማ ሌባም አለው።»

«ታዲያ ሌባው ሲሰርቅ ለምን ይደበቃል?»

«እናንተ ጺም ሳታበቅሉ ሸይኽ ትሆናላችሁ።»

«ይስደቡኝ፤ ግን ይመልሱልኝ። ነቢዩ እውነተኛ መሆናቸውን በምን አወቁ?»

«አላህ በተአምር መሰከረላቸዋ።»

«ለውሸታም ቢመሰክርስ?»

«አፍህን ያዝ። ሰውን ማታለል ክፉ ነው፤ አላህ አያደርገውም።»

«ክፉ መሆኑን ማን ነገረዎት? ሕጉ እንዳይሉኝ፤ ሕጉን ለማመን አስቀድመው ይህን ማወቅ ነበረብዎት።»

ጁንዱብ እግሩን ሊያጥብ እንደገና ጎነበሰ።

«ሕጉን የላከ አላህ ነው፤ አእምሮንስ ሌላ የሰጠዎት ይመስልዎታል?» አለ ሰዋር ለስለስ ብሎ። «ቃዲው በእርስዎና በገዢው መካከል ፈረዱ። ስለሚሰጥሙት ሰዎች ማን ጠየቃቸው?»

ከወደቡ መልሕቅ የሚስቡት ሰዎች ዜማ ተሰማ። ጁንዱብ ጫማውን እዚያው ጥሎ በጭቃው ውስጥ ሮጠ።

ደርሶ «አትነሡ፤ ገመዱ አሮጌ ነው» ቢል የመርከቡ አዛዥ ሳቀበት። «ሽማግሌው ሽያጩ ቆጭቶት ነው» አለ። ጁንዱብ ግን መልስ ሳይሰጥ ወደ ታች ወረደ፤ ጣቱን ከስፌቱ ሥር አስገብቶ ሳበው። ገመዱ እንደ ደረቀ ሣር ተበጠሰ። አዛዡ ተጓዡ ሁሉ እንዲወርድ አዘዘ። ልጅ ያዘሉት ሴቶች ቀድመው ወረዱ።

ከዚያ ወዲህ ጁንዱብ መርከብ ሲያስረክብ፣ ተጓዡ ራሱ ገብቶ ስፌቱን እንዲስብ ያደርግ ጀመር። ሌሎቹም ሠሪዎች መርከቦቻቸው ተሳፋሪ ሲያጡ እያጉረመረሙ ተከተሉት። ሰው «ሕግ አልከለከለኝም» ብሎ ከመተኛቱ በፊት አእምሮውን ቢጠይቅ፣ ባሕር የሄደው ይመለሳል፤ ሕጉም የሰነፍ መደበቂያ ከመሆን ይድናል።

የዳኑት ግን አላመሰገኑትም። «በስባሳ ሰፊ» ብለው ስም አወጡለት፤ እስኪሞትም በዚያው ጠሩት። ልጆቻቸውን ወደ ባሕር ሲሰዱ ግን የሚመርጡት የበስባሳ ሰፊን መርከብ ነበር።