የጠፋችው ዕንቁ

ከቢቸና ወደ ሞጣ በአውቶቡስ ስንሄድ ከፊቴ የተቀመጠው ጎልማሳ ስልኩ ላይ ስለሚጫወተው ጌም ለጎኑ ሰው ያወራል።

«ከተደበቁት ዕንቁዎች አንዷ ጠፋችብኝ። ወር ሙሉ ከገደል ገደል ስዘል፣ ስወድቅ፣ ስሞት ከረምኩ።»

«መጨረሻ ላይ የት ተገኘች?»

«ጌሙ ውስጥ በር ላይ ከቆሙት ሽማግሌ አናት በላይ። ለካ እሳቸውን ረግጦ መዝለል ነበር!»

«ታዲያ ምን ቸገረህ?»

«ሽማግሌ ይረገጣል እንዴ? እኔ ሞኙ ጎንበስ የሚያደርገውን ቁልፍ እየተጫንኩ ነበር በፊታቸው የማልፈው።»

«ታዲያ ማን ረገጣቸው?»

«ሚስቴ! ያውም ስልኩን በያዘች በመጀመሪያው ቀን።»

«አንተስ?»

«ተቆጣኋት። ዕንቁዋን ግን አልመለስኩም።»

እኔም ያቺው ዕንቁ ጠፍታብኝ ስለነበር ቀስ ብዬ ስልኬን አወጣሁና ያንኑ ጌም ከፈትኩ፤ ሽማግሌው በር ላይ ቆመው ሳገኛቸው ግን መልሼ ኪሴ ከተትኩት።