ዳቦውን ዛሬ ጋሽ እንደሻው አይቆርሱትም

እሺ፣ ተቀመጡ። ድምፅ ማጉያ አልፈልግም፤ ንብረት ክፍል የሚሠራ ሰው ድምፁ ከመጋዘኑ እስከ አጥሩ መሰማት አለበት። ኃላፊያችን አቶ ኤርሚያስ "ዕፀገነት፣ የጋሽ እንደሻው ሽኝት ነው፣ ጥሩ ጥሩውን ብቻ ተናገሪ" ብለውኛል። ጥሩ ጥሩውን ሌላ ሰው ይናገር። እኔ ስለዚህ ሰው የምናገርበትን ቀን ስጠብቅ ነው ያረጀሁት።

ጋሽ እንደሻው በዝውውር ወደዚህ መሥሪያ ቤት የመጡ ዕለት፣ ጧት በቀጥታ ወደኔ መጋዘን መጡ። ቦት ጫማ፣ የዝናብ ልብስ፣ የትከሻ ቦርሳ አስፈርሜ ሰጠኋቸው። ቦት ጫማው አዲስ ነው፤ ጎማው ገና ይሸታል። ከሰዓት በኋላ ወደ ቤቴ ስወጣ ዘበኛው ተነስቶ ሰላም አለኝ። እግሩን አየሁት። የኔ ቦት ጫማ ነው። አዲሱ ባለሙያ ደግሞ በዘበኛው ሸበጥ ግንቡን ተደግፈው ቆመዋል።

"ቦቱን ምን አደረጉት?" አልኳቸው።

"ሰጠሁት። ዝናብ ሲመጣ እግሩ ይረጥባል።"

"የመንግሥት ንብረት እኮ ነው፣ ጋሼ።"

"ዘበኛውስ የማን ነው?"

የራስ ምታቴ የጀመረው ያን ቀን ነው። በማግስቱ ሌላ ቦት ጫማ ሊጠይቁኝ መጡ።

ሥራቸውን ለማታውቁ እንግዶች ልንገራችሁ። ላም ኮርማ ስትፈልግ ገበሬው ይደውላል፤ ጋሽ እንደሻው የምርጥ ኮርማ ዘር በናይትሮጅን ዕቃ ይዘው በሞተር ይሄዳሉ፣ ያዳቅላሉ። ሥራው ሰዓት ይፈልጋል። ከዘገዩ ላሟ ትተወዋለች፤ ከዚያ በኋላ ሳምንታት መጠበቅ ነው። እንግዲህ ይህን ሥራ መንገድ ላይ ሰው አይቶ ማለፍ ለማይችል ሰው ሰጡት።

ገበሬው ዓሊዪ ከሶፊ መጥቶ እዚህ ተቀምጧል፤ ይመስክር። ስንት ጊዜ ነው የደወለልኝ? "ወላሂ ዕፀገነት፣ ሰውዬው ከወጣ ቆይቷል ትያለሽ፣ እዚህ ግን የለም። ላሟ ሐሳቧን ልትቀይር ነው።" እኔ ምን ልበለው? ጋሽ እንደሻው ሶፊ ሊደርሱ ትንሽ ሲቀራቸው ጫት የተሸከመች ሴት አግኝተው፣ እሷን ጭነው ወደ ሐረር ተመልሰዋል። "መንገዷ ወዲህ ነበራ" ይሉኛል። የእርስዎስ መንገድ ወዴት ነበር ስላቸው ሞተራቸውን ያስነሳሉ። ስድቡን የምቀበለው እኔ ነኝ።

መነጽራቸውን ድሬ ጠያራ ላሉ አንድ ሽማግሌ ሰጡ፤ ቁርአን ለመቅራት ተቸግረው አይቻቸው ነው አሉ። ደግ ነገር ነው። ከዚያ በኋላ ግን የገበሬውን ስልክ ቁጥር የማነብላቸው እኔ ሆንኩ። ምሳ ቋጥሬ ስመጣ ክፍሌ ውስጥ እንግዳ ሰብስበው "ብሉ፣ ዕፀገነት ሰው ስትጋብዝ ደስ ይላታል" ይላሉ። ዣንጥላዬን በተመለከተ ምንም አልናገርም። ዣንጥላዬ የት እንዳለ እሳቸው ያውቃሉ፣ ፈጣሪም ያውቃል።

ብናደድስ? ለሁሉም መልስ አላቸው፤ መልሱም አንድ ነው፤ ዘር ነው። ክበባችን ውስጥ ይህን ያላስተማሩት ሰው የለም። ወተት በዘር ይወርዳል፣ ቀንድ በዘር ይወርዳል፣ ተዋጊ ላም ተዋጊ ጥጃ ትወልዳለች፣ ቸርነትም እንደዚያው። "አባቴም እንዲህ ነበር። እኔ ምን ላድርግ? ዘር ከልጓም ይስባል" ይላሉ፣ የሰው ሻይ እየጋበዙ። አንድ ጊዜ ደግሞ መንትያዎችን ስላጠኑ ሰዎች በሬዲዮ ሰምተው መጡ፤ ለጋስነት በከፊል ከወላጅ ይወረሳል ይላል ጥናቱ። እኛ ዘንድ ሲደርሱ ግን "በከፊል" የምትለዋ ቃል የለችም። መንገድ ላይ ለሆነ ሰው ሰጥተዋት መሆን አለበት።

እኛም ተቀበልናቸው። አጭርን ሰው ለምን አልረዘምክም ብሎ የሚቆጣ የለም። ተፈጥሯቸው ነው ብለን ተውናቸው።

ችግሩ፣ ይቺ ትምህርት ወደኔም ትዞራለች። አባቴ አቶ ደምሴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ባለሱቅ ነበሩ። የሐረር ሰው ያውቃቸዋል። ክብሪት ብትጠይቋቸው ሲጋራችሁን ራሳቸው ለኩሰውላችሁ፣ የክብሪቷን እንጨት ይዘው በሌላኛው ጫፍ ጆሯቸውን ይኮረኩራሉ። እኔም የሳቸው ልጅ ነኝ፤ በዚህ መሥሪያ ቤት "ቁልፏ" እንደምትሉኝ አውቃለሁ። አንድ ቀን ጋሽ እንደሻው ለሞተራቸው ጎማ ጠየቁኝ። የበፊቱ ሳይመለስ አልሰጥም አልኩ። የበፊቱ የት እንደሄደ መቼም ትገምታላችሁ። እሳቸውም ክበብ ውስጥ፣ በሰው ፊት እንዲህ አሉኝ፦

"አትድከሚ ዕፀገነት። አንቺ አትለወጪም። ኮርማው የታወቀ ነው።"

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ቤቴ ገብቼ ግን አልሳቅኩም። ከዚያ በኋላ ለሰው ልሰጥ እጄን ስዘረጋ "ምን ያስመስልሻል፣ የደምሴ ልጅ" የሚል ድምፅ ከውስጤ ይመጣል። ስንት ጊዜ እጄን መልሻለሁ። ማንም አያውቅም ነበር፤ አሁን እወቁት።

ባለፈው ሳምንት እኔና ሾፌራችን አብዱልፈታ፣ ሸዋ በር አጠገብ ካለው ቤታቸው ሄድን። እሳቸው አልነበሩም። ምን ስጦታ ይሻላል ብለን ባለቤታቸውን እትዬ ብርቱካንን ልንጠይቅ ነው። እትዬ ብርቱካን ራሳቸውን ያዙ። "ልጆች፣ ከበር የሚወጣ ነገር እንዳታመጡብኝ" አሉ። በቀደም ብርድ ልብስ ተሸልመው ቤት የደረሰው ላስቲኩ ብቻ ነው።

እኔም ላጽናናቸው ብዬ "ምን ይደረግ፣ ደማቸው ነው" አልኩ።

ጥግ ላይ ምስር የሚለቅሙት የጋሽ እንደሻው ታላቅ እህት እትዬ በለጡ ቀና አሉ።

"የምን ደም?" አሉኝ። "እንደሻው እኮ ጉዲፈቻ ነው።"

አብዱልፈታ የያዘውን ብርጭቆ አስቀመጠ። እትዬ በለጡ ምስራቸውን እየለቀሙ ነገሩን። እናቱ ሞታ፣ አባቱን የሚያውቅ ሰው ጠፍቶ፣ አናጢው አቶ ጌታነህ ወደ ቤታቸው ያመጡት ልጅ ነው። ሲመጣ ደግሞ የምን ቸርነት። ዳቦ ከፍራሹ ሥር ይደብቃል፤ ሻጋታው ሲሸት ነው የሚታወቀው። ወደ ሳህኑ የተጠጋን ልጅ ይነክሳል። እትዬ በለጡ እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን አሳዩን፤ የጋሽ እንደሻው ጥርስ እስከ ዛሬ እዚያው አለ።

አቶ ጌታነህ አልገረፉትም። ቢላዋ ሰጡት። "ከዛሬ ጀምሮ የዚህ ቤት ዳቦ ቆራሽ አንተ ነህ" አሉት። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፤ የሚቆርስ ሰው መጨረሻ ይወስዳል። መጀመሪያ ላይ ለሌላው ስስ ስስ እያደረገ፣ ለራሱ ትልቁን ያስቀር ነበር። አባቱ ያያሉ፣ ቢላዋውን ግን አይነጥቁትም። እያለቀሰ የሚቆርስበትም ቀን ነበር። በኋላ አንድ ቀን ቆርሶ ቆርሶ ሲጨርስ ለራሱ ምንም አልተረፈም። እሱም ልብ ሳይለው ቢላዋውን ጠርጎ ወደ ጨዋታው ሄደ። እትዬ በለጡ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልነከሰኝም አሉ።

ምን ተሰማሽ በሉኝ። ተናደድኩ። ይህን ሁሉ ዘመን በተፈጥሮ ነው ብለን የታገስነው ሰው፣ ለካ ሆነ ብሎ ነው። ዣንጥላዬ ሆነ ተብሎ ነው የሄደው። በማግስቱ ጧት የሞተራቸውን ቁልፍ ይዤ በር ላይ ጠበቅኋቸው።

"ለምን ዋሹን?" አልኳቸው።

"አልዋሸሁም" አሉኝ። "ከአባቴ ነው የወረስኩት። ደግሞስ ሆነ ብዬ ነው ብል ማን ይታገሰኝ ነበር?"

ሆኖም የመጣሁበት ሌላ ነገር ነበር።

"እኔንስ? እርስዎ ራስዎ ተለውጠው፣ እኔን አትለወጪም ያሉኝ ለምንድን ነው?"

"ጎማ ከልክለሽኝ ነበራ" አሉኝ።

ጎማ። እኔ ፍርድ አድርጌ ተሸክሜው የኖርኩት ነገር የጎማ ኩርፊያ ነበር። ወዲያው ግን ፊታቸው ተለወጠ። "ይዘሽው የምትኖሪ አልመሰለኝም። ይቅር በይኝ፣ ልጄ" አሉኝ። ይቅር ብያለሁ። ጎማውን ግን አልሰጠሁም።

ይህን በሽኝቱ ላይ ብናገር ቅር ይልዎት እንደሆነ ጠየቅኋቸው። "ተናገሪው፤ አባቴን ግን በስሙ ጥሪው" አሉኝ። ይኸው ጠራሁ፤ አናጢው አቶ ጌታነህ።

አሁን ዘር ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም፤ የላም ባለሙያዎች ተቀምጣችሁ እኔ ምን አውቄ። የጋሽ እንደሻው ወላጅ አባት ማን እንደነበሩ አናውቅም። ምናልባት ሸሚዛቸውን አውልቀው የሚሰጡ ሰው ነበሩ። ነገር ግን እናንተው ናችሁ የምትሉት፤ የምርጥ ኮርማ ልጅም መኖ ካላገኘች ወተቷ የለም። እኔ የማውቀው ይህን ያህል ነው፤ የሚናከስ ልጅ ነበር፣ ቢላዋ ተሰጠው፣ ተለወጠ። ያውም ከልክ አልፎ።

ዓሊዪ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። አንድ ቀን የላምህ ሰዓት ያለፈባት በኔ ምክንያት ነው። እናቴ ቤት ውስጥ ወድቃ፣ ባጃጅ ጠፍቶ፣ ጋሽ እንደሻው ካንተ መንገድ ተመልሰው ሐኪም ቤት ያደረሷት ያን ቀን ነው። ያን ዕለት ደውለህ ስትሰድበኝ የታገስኩህ ለዚህ ነው። ጋሽ እንደሻው፣ እናቴ እስክትሞት ድረስ ስምዎን እየጠራች ትመርቅ ነበር። እኔ አንድ ቀን እንኳ አመሰግናለሁ አላልኩም፤ ሁልጊዜ ተናድጄብዎት ስለምቆይ ጊዜው ያልፍብኛል። አመሰግናለሁ። ዛሬም ተናድጃለሁ፣ ግን አመሰግናለሁ።

ስጦታዎን በተመለከተ፣ የእትዬ ብርቱካንን ምክር ሰምተናል። አብዱልፈታና ዘበኞቹ ደጃፍዎ ላይ የሲሚንቶ መደብ ሠርተውልዎታል፤ ተነቅሎ የሚሰጥ አይደለም። ትናንት በዚያ ሳልፍ ግን ሁለት መንገደኞች ተቀምጠውበት፣ እርስዎ አጠገባቸው ቆመው ያጫውቷቸዋል። እንግዲህ ከዚህ በላይ ምን እናድርግ።

ብርጭቆአችሁን አንሱ። ጠጅ የያዛችሁም፣ ለስላሳ የያዛችሁም፣ ውኃ የያዛችሁም አንሱ። ጋሽ እንደሻው፣ ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥዎ። ደጃፍዎ ሰው አይጣ፤ ከሰዉ መሐል ግን እርስዎም የሚቀመጡበት ጥግ አይጡ። የሚያበሉት ሰው አይጡ፤ የሚያበላዎትም ሰው አይጡ። እትዬ ብርቱካን፣ ለእርስዎ ደግሞ ትዕግሥቱን ይጨምርልዎ። ለእንደሻው ጌታነህ።

አሁን ዳቦው። ጋሽ እንደሻው፣ ቢላዋውን ያስቀምጡ። አውቃለሁ፣ በመርሐ ግብሩ ተሸኚው ይቆርሳሉ ይላል። አቶ ኤርሚያስ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ጋሽ እንደሻው፣ እርስዎ ቆርሰው ያውቃሉ፣ ይበቃዎታል። ዛሬ የምቆርሰው እኔ የደምሴ ልጅ ነኝ። የአቶ ጌታነህም ሕግ አይሻርም፤ የቆረሰ መጨረሻ ይወስዳል። የመጀመሪያው የእርስዎ ነው።

ይኸውልዎ። ትልቁ ነው። እጄን አልመለስኩም፤ ትልቁን ነው የቆረስኩት።

ጋሽ እንደሻው፣ ወደ አብዱልፈታ አያሻግሩት፤ እያየሁዎት ነው። አብዱልፈታ፣ መልስላቸው። ይብሉት፣ እዚሁ፣ ፊቴ። እርስዎ ሳይጎርሱ በዚህ አዳራሽ ለማንም አልቆርስም።