አሜን ያጣ ምርቃት

ስለ ሀዲያ አባቶች የቀድሞ እምነትና ምርቃት ዘጋቢ ፊልም ልንቀርጽ እዚያው ሀዲያ ወዳለችው ሆመቾ ሄድን። ድምፅ የሚቀዳው ጓደኛችን፣ «ቀረጻ ስንጀምር ማንም ትንፍሽ እንዳይል» ብሎ አስጠንቅቆናል። ሊመርቁን የፈቀዱ አንድ የአገር ሽማግሌ ዛፍ ሥር ቆመው፣ እጃቸውን ዘርግተው መመረቅ ጀመሩ።

«ዕድሜ ይስጣችሁ።»

ዝም አልን።

«ከብታችሁ ይርባ።»

አሁንም ዝም። እጃቸውን መለሱና አንድ በአንድ አዩን።

«ልጆቼ፣ ከእናንተ ውስጥ አሜን የሚል ሰው የለም?»

«አባባ፣ ድምፁ እንዳይበላሽ ብለን ነው» አልኳቸው።

«እንዲያ ከሆነማ ምርቃቱን የሚወስደው ማሽናችሁ ነው» አሉና ወደ ማይኩ ዞረው እጃቸውን ዘረጉ። «እሱው ይውለድ፣ እሱው ይክበድ።»

ድምፅ ቀጂያችን ካገባ ቆይቷል፤ ልጅ ግን ገና እየጠበቀ ነው። ሄድፎኑን ከጆሮው አውልቆ ከሁላችንም ቀድሞ ተነሳ።

«አሜን አባባ፤ ይቺን እንኳ ለእኔ ያድርጉልኝ።»