ሁሉቃ ቁልፍ አያስፈልገውም

ወገኖቼ፣ አረፍ በሉ። ኦቦ ሌታ፣ አንተም ተቀመጥ። በሩን በሩን እንደምታይ አይቻለሁ፤ ጥበቃው ማዕረግ እንዳያስወጣህ ነግሬዋለሁ።

እኔ የድሮው የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ጃርሶ ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ ቆየሁ፣ ዛሬ ደግሞ ተራው የሌታ ነው፤ «ለሥጋው ነው የመጣው» ያላችሁ አልተሳሳታችሁም።

ሌታ ከጌዶ ተዛውሮ እዚህ ማሠልጠኛው ብየዳ ክፍላችን የገባ ዕለት ነጭ ሱሪ ለብሶ ነበር። «ሙሽሪትስ ወዴት ናት?» አልኩት። «አዲሱ አሠልጣኝ ነኝ» አለኝ ኮስተር ብሎ። ምሳ ሳይደርስ ሱሪው በብየዳ ፍንጣሪ ወንፊት ሆነ። ቱታዬን አዋስኩት። እስኪ ጠይቁት፣ መልሷል? ጭራሽ ጉልበቱ ላይ ከአሮጌ ከመነዳሪ ጎማ ቆርጦ ለጠፈበት። በሳምንቱ ተማሪው ሁሉ ጉልበቱ ላይ ጎማ ለጥፎ መጣ። ያን ጊዜ «ሰረቁኝ» አላለም፤ እየዞረ ስፌታቸውን ያርምላቸው ነበር።

አሁን ሁላችሁም ወደምትፈሩት ልግባ። ነዒማ፣ ቀና በይ እንጂ ልጄ።

ሌታ በእጅ የሚዞር የበቆሎ መፈልፈያ ሠርቷል። ነዒማ፣ ያኔ ተማሪው፣ ዛሬ ባልደረባችን፣ ዓምና የእሱን አስመስላ ሠራች፤ ከዚያ ሴቶች ተቀምጠው በእግር እንዲያዞሩት ፔዳል ጨመረችበት። ሌታ ይህንን እጃጂ ገበያ ላይ አየ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታዋን አይመልስም። ወርክሾፑን የምትረከበው እሷ ናት ሲባል ደግሞ «ቁልፉን ሁሉቃ ወንዝ እጥለዋለሁ እንጂ በእጄ አልሰጣትም» አለኝ።

«ምን አድርጋህ?»

«ሰርቃኝ።»

«አንተስ መፈልፈያውን ከየት አመጣኸው?»

«ከጭንቅላቴ ነዋ።»

«ውሸታም። እናትህ በቆሎውን በባዶ ቆረቆንዳ እያሹ ሲፈለፍሉ አይተህ ነው፤ የነገርከኝም አንተው ነህ። እሳቸው ከሰሱህ?»

ቁልፉን ኪሱ ከቶ ወጣ።

ለጀማሪ ተማሪ ምን ነበር የሚለው? የተማራችሁ ታውቁታላችሁ። «መጀመሪያ የእኔን አስመስላችሁ ሥሩ። ከዚያ እኔ ያልታየኝን አሳዩኝ።» ነዒማ የቤት ሥራዋን ሠርታ መጣች፤ ሳያርምላት የቀረው መምህሩ ነው።

ሌታ፣ አሁን ቀልዱን ልተው። በዚህ አገር በር የሚበይደው፣ ጋሪ የሚጠግነው ሁሉ እጁ ላይ ያንተ እጅ አለበት። የልጅ ልጄ እንኳን ብረት ሲይዝ እንዳንተ አንገቱን ያዘነብላል። ገለቶሚ፣ አመሰግንሃለሁ ወንድሜ። ቱታውንም አልጠይቅህም፤ ጨርቁ የእኔ፣ ጎማው ያንተ፣ ከእንግዲህ ማን ይለየዋል?

በሉ ብርጭቆ አንሡ። ነዒማ ስላለች ሁላችንም አምቦ ውሃ ነው የያዝነው፤ ለሌታም የደም ግፊት ይሻላል። ሌታ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥህ። ደጅህ ጠያቂ አይጣ፤ በሠራኸው ላይ የሚጨምር አይጥፋ።

ቀኝ እጅህ ግን ከገባን ጀምሮ ኪስህ ውስጥ ነው። ምን እንደጨበጠ ሁላችንም እናውቃለን። ሁሉቃ ቁልፍ አያስፈልገውም፤ የሚከፍተው በር የለውም። ነዒማ አጠገብህ ናት። እጅህን ስታወጣ ባዶውን አታውጣው።

እንጠብቅሃለን። ብርጭቆአችን እንደተነሣ ነው።