ጋሼን የሚያቋርጥ ጠፋ

(በአንድ የመምህራን ኮሌጅ ቢሮ፣ የመጀመሪያው የኦንላይን ትምህርት በተሰጠ ማግስት፤ አንጋፋው የጂኦግራፊ መምህር ጋሽ አጥናፉ ላፕቶፑን ታቅፈው ሊወጡ ሲሉ፣ የቀድሞ ተማሪያቸውና ያሁኗ የማስተማር አጋራቸው ምንትዋብ በሩን ዘግታ ቆማለች።)

ምንትዋብ፦ አይወጡም! በእናትዎ ጋሼ፣ ቁጭ ይበሉ።

አጥናፉ፦ ዞር በይልኝ አልኩሽ! ይህን ላፕቶፕ ለንብረት ክፍል አስረክቤ፣ ጠመኔዬን ይዤ ወደ ክፍሌ። በቃኝ!

ምንትዋብ፦ እርስዎ ከወጡ እኮ ትምህርቱ ይዘጋል። ያለ ሁለት መምህር አይሰጥም ብለዋል የኮሌጁ ዲን፣ ዶክተር። እነዚያ ከኛ የሚማሩት የገጠር መምህራን ስንት ለምነው ያገኙትን ዕድል! እኔስ ብሆን ስንት የለፋሁበት!

አጥናፉ፦ ሌላ አጋር ፈልጊያ።

ምንትዋብ፦ ማንን? መምህር ተድባቡን? እሳቸው እኮ ፓስወርዳቸውን እንዳይጠፋባቸው ለጥበቃው ነው ያስያዙት።

አጥናፉ፦ እኔስ ከሳቸው በምን እሻላለሁ?

ምንትዋብ፦ እውነት ለመናገር፣ በኦንላይን ሥልጠናው ስክሪኑ ላይ በጠመኔ ሲጽፉ ትንሽ ደንግጬ ነበር።

አጥናፉ፦ ስንት ጊዜ ታነሺብኛለሽ! አንቺስ? አንገትሽን ደፍተሽ ስታነቢ፣ ካሜራው ከፀጉርሽ በቀር ምን አሳየ? ቀና በይ፣ ሰው እያየሽ አስተምሪ ያልኩሽ እኔ አይደለሁም?

ምንትዋብ፦ እርስዎ ነዎት። ለዚህ እኮ ነው አይሂዱ የምለው!

አጥናፉ፦ እንዴት አልሄድ? ዝናብ እንዴት እንደሚፈጠር ትንፋሼ እስኪቆራረጥ አስተማርኩ። ማንቆርቆሪያ አፈላሁ፣ ቀዝቃዛ ክዳን ደፋሁበት፣ ጠብታውን አሳየሁ። «ገባችሁ?» ብል ጭጭ። «ጥያቄ?» ብል ጭጭ። ሠላሳ ዓመት ሳስተምር እንዲህ የናቀኝ ክፍል የለም!

ምንትዋብ፦ አልናቁዎትም።

አጥናፉ፦ ታዲያ ምን ሆነው ነው?

ምንትዋብ፦ እንዳይቆጡኝ…

አጥናፉ፦ አልቆጣም።

ምንትዋብ፦ ይማሉልኝ።

አጥናፉ፦ ሚካኤልን አልቆጣም!

ምንትዋብ፦ ማይክዎ ተዘግቶ ነበር።

አጥናፉ፦ መቼ?

ምንትዋብ፦ ከ«እንደምን አደራችሁ» ጀምሮ እስከ «ደህና ዋሉ»። እኔ ከጎን ካለው ቢሮ ሆኜ ድምፅዎ በግድግዳው ይሰማኛል፤ በኮምፒዩተሩ ግን ጸጥ!

አጥናፉ፦ ወይ አንቺ ልጅ! በግድግዳ እየሰማሽኝ ዝም አልሽ?

ምንትዋብ፦ ኧረ ዝም አላልኩም! እጄን አወጣሁ።

አጥናፉ፦ የት ነው ያወጣሽው?

ምንትዋብ፦ ስክሪኑ ላይ። ቢጫ እጅ። እርስዎ እስኪፈቅዱልኝ ብዬ እንዳወጣሁ ቀረሁ።

አጥናፉ፦ ያቺ ቢጫ እጅ ያንቺ ነበረች? እኔ የጓንት ማስታወቂያ መስላኝ!

ምንትዋብ፦ ጓንት! ውይ ጋሼ! ጓንት!

አጥናፉ፦ አትሳቂ! ለምን በሩን በርግደሽ አልገባሽም?

ምንትዋብ፦ እርስዎ እያስተማሩ? ሞቼ ልገኝ! ዘጠነኛ ክፍል ሳለን ያቋረጠዎትን ልጅ ረሱት? አፍንጫውን ካርታው ላይ አስለጥፈው አቆሙታ!

አጥናፉ፦ አገሩን በቅርበት እንዲያውቅ ብዬ ነው።

ምንትዋብ፦ አፍንጫው ያረፈው ውቅያኖስ ላይ ነበር እኮ!

አጥናፉ፦ እሺ፣ አንቺስ ፈራሽ። እነሱ ግን ትልልቅ ሰዎች፣ ራሳቸው መምህራን! «አይሰማም» የሚል አንድ ሰው ይጥፋ?

ምንትዋብ፦ ጠዋት ደወልኩላቸው። ጉድዎን ይስሙ! ሁሉም የራሳቸው ስልክ የተበላሸ መስሏቸዋል። አንዷ ኔትወርክ ፍለጋ ጎተራ ላይ ወጥታ ነው የጨረሰችው። አቶ ዳምጠው የሚባሉት ደግሞ ጆሯቸው የደነቆረ መስሏቸው፣ ጤና ጣቢያ ሄደው አሳጥበው መጡ።

አጥናፉ፦ ጆሯቸውን? በኔ ማይክ የተነሳ?

ምንትዋብ፦ «መምህሩን አመስግኚልኝ፣ ብዙ ነገር ወጣልኝ» ብለውኛል።

አጥናፉ፦ ኧረ ሆዴን! ኧረ በሳቅ ልሞት ነው! ጆሯቸውን! ወይ ጉድ፣ እኔ ተናቅኩ ብዬ እህል አልበላ ብሎኝ!

ምንትዋብ፦ መምህር ሲናገር ማን ያቋርጣል ብለው ነው። ልክ እንደኔ።

አጥናፉ፦ ያንን ደግሞ ያስተማርኳችሁ እኔ። ቆይ እስቲ… ሁለት ሆነን የተመደብነው አንዳችን ስንስት ሌላው እንዲነግረን አይደል? አንቺ ደግሞ ማይኬ ተዘግቶ እያየሽ አልነገርሽኝም። አሁን ሳስበው ጭራሽ መሄድ አለብኝ።

ምንትዋብ፦ ምን ማለትዎ ነው?

አጥናፉ፦ አልተቀየምኩም፤ ይኸው እየሳቅኩ ነው የምሄደው። ከኔ ጋር እስከሠራሽ ድረስ ተማሪ ነሽ፣ ልጄ። ሲሳሳት ጎሸም የምታደርጊው እኩያሽ ነው የሚያስፈልግሽ።

ምንትዋብ፦ ጎሸም አደርግዎታለሁ!

አጥናፉ፦ እስቲ እንየው። ላስተምር ነው፤ ስሳሳት አቋርጪኝ። «ተማሪዎች፣ ዓባይ ከአዳማ ይነሳና ወደ ባሌ ይወርዳል…»

ምንትዋብ፦ እ…

አጥናፉ፦ «…ከዚያ ተራራውን ሽቅብ ወጥቶ፣ ጫፉ ላይ ጥቂት ካረፈ በኋላ…»

ምንትዋብ፦ ጋሼ፣ ይቅርታ፣ እንደው ካላስቸገርኩዎት፣ ድፍረት ባይሆንብኝ…

አጥናፉ፦ አየሽ? ይቅርታሽ ሳያልቅ ወንዙ ባሕር ገባ!

ምንትዋብ፦ ይቅርታ ሳልጠይቅ አይወጣልኝም፣ ምን ላድርግ! እንደገና እንሞክር። አንድ ጊዜ ብቻ!

አጥናፉ፦ ቆይ፣ ስልኬ ነው። ዶክተር ናቸው፤ ውሳኔህን አሳውቀኝ ብለውኝ ነበር። አንቺም እንድትሰሚ ድምፁን ልክፈተው። ሃሎ፣ ዶክተር! እንደምን አደሩ? እግዚአብሔር ይመስገን። አዎ፣ ወስኛለሁ። ልጅቷ ጎበዝ ናት፣ ችግሩ እኔ ነኝ። እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ስሜን ከኦንላይኑ…

ምንትዋብ፦ ጋሼ ዝም ይበሉ!

አጥናፉ፦ ምን አልሽ?

ምንትዋብ፦ ዝም ይበሉ አልኩ! ተሳስተዋል! ዶክተር፣ አይስሟቸው! ዝናብን እንደሳቸው የሚያስረዳ ሰው አላየሁም፤ ማስተማርንም የወደድኩት በሳቸው ነው። ሐሙስ አብረን እናስተምራለን፤ ከተሳሳቱ ልክ እንዲህ እጮህባቸዋለሁ!

አጥናፉ፦ ሃሎ፣ ዶክተር? ሰሙልኝ? አቋረጠችኝ እኮ! …እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ ሐሙስ ክፍል አለኝ።