የእድሩ ቁልፍ እና የእትዬ ሰርካዲስ ጣቶች

ሚዛን መናኸሪያ፣ የቴፒው ሚኒባስ ሁለት ሰው ጎድሎት ቆሟል። ወይዘሮ ሰርካዲስ በመስኮቱ በኩል ተቀምጠው ከውሃ ፕላስቲክ ክዳን ጋር ይታገላሉ። ጣቶቻቸው አብጠው አልታጠፍ ብለዋል። ከጎናቸው የተቀመጠችው ልጅ ሳትጠየቅ ተቀብላ ከፈተችላቸው። ቀና ሲሉ የቀድሞ ጎረቤታቸው የአስካለች ልጅ ሔለን ናት፤ ከአሥረኛ ክፍል ወጥታ ፎቶኮፒ ቤት የምትሠራው፣ የነርስ ተማሪዎች ለማባዛት የሚያመጡትን ወረቀት አንብባ ሳትጨርስ የማትመልሰው።

«በዚህ እጅ ወዴት ነው እትዬ?»

ቴፒ ወጌሻ እንዳለ፣ ጣት አሽቶና ጎትቶ እንደሚያፍታታ ነገሯት። የሐኪም ቤቱን ክኒን ተናደው ከተዉት ወር አልፏቸዋል። ሐኪሙ የመገጣጠሚያ ብግነት ነው፣ የገዛ ሰውነትዎ መከላከያ ነው የሚያጠቃዎ ካላቸው በኋላ ጭንቀት ይበዛብዎታል ወይ ብሎ ጠይቋቸዋል።

«እብድ ናት ሊለኝ ነው እንጂ ሐሳብና ጣት ምን አገናኛቸው? ይሄ ብርድ ነው። በልጅነቴ ሸዋ ቤንች በዝናብ ቡና ስለቅም የገባብኝ።»

«ታዲያ ብርዱ አርባ ዓመት የት ተደብቆ ከረመ?»

«የወረቀት ሐኪም ሆነሽልናላ።»

«ክፍል ውስጥ እንቅልፋቸውን የሚለጥጡት ተማሪዎች ሐኪም ከሆኑ፣ ቆሜ ያነበብኩት እኔ ምን አነሰኝ?»

ሳቃቸው መጣ፤ ግን ለመሳቅም ደክሟቸው ነበር። ሔለን በአንገታቸው ስላንጠለጠሉት ቁልፍ ጠየቀቻቸው። የእድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ ነው። አሥራ አንድ ዓመት፣ ጥሩንባ በተነፋ ቁጥር ከሰው ሁሉ ቀድመው ተነስተው ድስት ያወጣሉ፣ የለቅሶውን ወጥ ያስሠራሉ። በሰፈሩ ልማድ ቁልፉን የያዘች ሴት በቁሟ አትመልስም፤ ነውር ነው። ባላቸው አቶ ከፈለኝ አልጋ ከያዙ ወዲህ ደግሞ አንድ ጆሮ ለጥሩንባው፣ አንድ ጆሮ ለበሽተኛው ሆኖ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም።

«ጥሩንባው ሲነፋ ምን ይሰማዎታል?»

«ልቤ ይመታል። ሕመሜም ይረሳኛል።»

«ሰውነትም የራሱ ጥሩንባ አለው እትዬ። ክፉ ሲመጣ ይነፋና ደም ውስጥ ሆርሞን ይለቃል። በሽታ የሚከላከሉትን የሰውነት ዘበኞች፣ በቃ ተረጋጉ ብሎ የሚመልሳቸውም ያው ሆርሞን ነው። አሁን የእድሩ ጥሩንባ ሰው ሳይሞትም በየቀኑ ቢነፋስ?»

«ማን ይሰማዋል? ይሰለቻል።»

«ዘበኞቹም ይሰለቻቸዋል። በቃ የሚላቸውን መስማት ሲተዉ የባለቤቱን በር ይሰብራሉ። የእርስዎ በር ጣትዎ ነው።»

ወይዘሮ ሰርካዲስ ጣቶቻቸውን እንደ ሰው ዕቃ አገላበጡ።

«እኔው ነኛ ያመጣሁት?»

«አይደሉም። ዘርም አለበት፣ ገና ያልታወቀም አለ። የተጨነቀ ሁሉ አይታመምም። ጭንቀቱ የተያያዘውን እሳት ያራግባል ነው የምልዎ። እሳቱን የሚያበርደው ክኒኑ ነው። የተቆጣ መገጣጠሚያ ወጌሻ ቢጎትተው ደግሞ ይብሳል። ሐኪሙም ለዚህ ነው የጠየቀዎ፤ ስላላስረዳዎት እሱን ይቆጡት።»

በአንገታቸው ያለውን ቁልፍ ዳበሱት። «ቁልፉንስ ማን ይይዘዋል ልጄ?»

«እርስዎ ሲቀበሩ ድስቱን የምታወጣው ሴት ዛሬም በሕይወት አለች። ለእሷ ይስጧት።»

የጎደሉት ሁለት ሰዎች ገቡ፤ ሾፌሩ ሞተር አስነሳ። ወይዘሮ ሰርካዲስ ነጠላቸውን ሰበሰቡ።

«ወራጅ አለ» አሉ።

በማግስቱ ሐኪም ቤት ተመልሰው ክኒናቸውን እንደገና ጀመሩ። ቁልፉን ለእድሩ ሲያስረክቡ ያጉረመረመ ነበር፤ አሁን ሦስት ሴቶች በወር በወር እየተቀባበሉ ይይዙታል፣ አንዳቸውንም አልጎዳም። ባላቸውን በሳምንት ሁለት ቀን ልጃቸው ጥበቡ ያስታምማል። በአምስተኛው ወር ጣቶቻቸው ጠዋት ጠዋት ይታጠፉ ጀመር። ድነዋል ማለት አይደለም፤ ክኒኑም ክትትሉም አልቀረም። የውሃ ክዳን ግን ራሳቸው ይከፍታሉ።

አንድ ማለዳ ጥሩንባው ተነፋ። ልባቸው ዘለለ፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው እስኪረጋ ጠበቁት። ከዚያ እንደ ሰው ሁሉ በሰዓቱ ሄደው ከለቀስተኛው መሐል ተቀመጡ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በሰው ለቅሶ አልቅሰው አያውቁም፤ እጃቸው መቼ ባዶ ሆኖ? የዚያን ዕለት የአሥራ አንዱን ዓመት ሙታን ሁሉ አለቀሱ። ድስት የት አለ ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም።