ቅዳሜ ማታ ስለተቋረጠው አፕዴት የተሰጠ ቃል

የምስክሯ ስም፦ ለአካለ መጠን ስላልደረሰች አይጻፍም፤ በቤትም በሥራም ጭምቷ ትባላለች
ዕድሜ፦ 16
የትምህርት ደረጃ፦ ከሰባተኛ ክፍል ያቋረጠች
ሥራ፦ በአጎቷ ማተሚያ ቤት ረዳት
አድራሻ፦ ከማተሚያ ቤቱ ጀርባ፣ በአጎቷ ግቢ
ቃል የተሰጠበት ቀን፦ ማክሰኞ ኅዳር 9፣ ከሰዓት በኋላ

ዛሬ ማክሰኞ ኅዳር 9 ቀን ይህን ቃል ስሰጥ፣ የማውቀው ነገር ለፖሊስ የሚነገር መሆን አለመሆኑን እንኳ እርግጠኛ አይደለሁም። ሰው ሲያየኝ ድምፄ ይጠፋብኛል። ስለዚህ መርማሪዋ ከወረቀቷ ቀና ሳትል እንድትጽፍ ለምኛት እሺ ብላኛለች።

ከቅዳሜ ጀምሮ የጠፋችው ሴት የአጎቴ ማተሚያ ቤት ጸሐፊ ናት። እኔ እታለም ነው የምላት። ኮምፒውተር ያስተማረችኝ እሷ ናት። የሱቁ ኮምፒውተር የሚሠራው ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት ነው። ፕሮግራሞቹን የሚያድሰውን አፕዴት ለማስጀመር ፓስወርድ ይጠይቃል፤ ፓስወርዱን የምናውቀው ደግሞ እኔና እታለም ብቻ ነን። እታለም አንድ ልማድ አላት። ቅዳሜ ሥራ ስታበቃ አፕዴት ታስጀምርና የውጭ ጫማዋን አውልቃ ነጠላ ጫማ ታደርጋለች፤ እስኪያልቅም ከወንበሯ አትነሳም። አንድ ቀን "ትተነው ብንሄድስ?" ብላት "እሳት ላይ ድስት ጥዶ ገበያ የሚሄድ አለ?" ብላኛለች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤት ልብስ ሳጥብ ስለዋልኩ ሱቅ አልነበርኩም። እሑድ የእታለም እናት መጥተው ልጃቸው ቤት ሳትገባ እንዳደረች ሲነግሩን፣ አጎቴ "እማማ፣ እኔ በአሥር ሰዓት አሰናብቻታለሁ፤ ከዚያ ወዲያ የት እንደሄደች ምን አውቄ" አላቸው። ለፖሊስም ይህንኑ መናገሩን ሰምቻለሁ። እኔም አመንኩት። ያሳደገኝ እሱ ነው፤ ከእሱ ቤት ሌላ ቤት የለኝም።

ሰኞ ጠዋት ሱቁን ስንከፍት የኮምፒውተሩ ሶኬት ከግድግዳው ተነቅሎ ነበር። ልሰካው ጠረጴዛው ስር ስገባ የእታለምን የውጭ ጫማ አየሁ። ሁልጊዜ እንደምታደርገው ጎን ለጎን ተቀምጧል። ነጠላ ጫማዋ ግን የለም። ሌላ ጫማ ይኖራታል ብዬ ሶኬቱን ሰካሁ።

ኮምፒውተሩን ሳስነሳው ዴስክቶፑ አልመጣም። ስክሪኑ ጠቁሮ የማውሱ ቀስት ብቻ ትታያለች። ፈተና ሊያሳትም የመጣ መምህር ከበላዬ ቆሞ "ታዲያ ልጆቹን በቃሌ ልፈትናቸው?" አለ። አጎቴ "ይቺ ጭምት ታውቅበታለች፤ የሚተኛው አፏ ነው እንጂ እጇ አይተኛም" ብሎ የእታለምን ወንበር ሳበልኝ።

እታለም እንዳስተማረችኝ ኮንትሮል፣ ኦልትና ኤፍ ሦስት የተባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ተጫንኩ። ሥዕል የሌለው፣ ጽሑፍ ብቻ የሚያሳይ ገጽ መጣ። ዴስክቶፑ ቢሞትም እሱ አይሞትም። ስሟንና ፓስወርዱን አስገብቼ ማዘዝ ስጀምር፣ የቀደመው አፕዴት መሃል ላይ ስለተቋረጠ መጀመሪያ እሱን አስጨርሺ የሚል መልስ ሰጠኝ። እታለም "ሳትጠይቂ አታክሚ" ስለምትለኝ ከማስጨረሴ በፊት ኮምፒውተሩ ራሱ የሚይዘውን የአፕዴት ታሪክ ከፈትኩ። እያንዳንዱ አፕዴት የተጀመረበትና ያለቀበት ሰዓት አለው። የመጨረሻው የተጀመረው ቅዳሜ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ያለቀበት የለውም።

ያን ጊዜ ሐሳቤ ሁሉ ፈተናው ላይ ነበር። የተቋረጠውን እንዲጨርስ አዘዝኩት፤ የጎደለውን አሟልቶ ጫነ፤ አጥፍቼ ሳስነሳው ዴስክቶፑ ተመለሰ። መምህሩ ፈተናውን ይዞ እንደሄደ አጎቴ "ምን ሆኖ ነው?" አለኝ።

"አፕዴት እየጫነ ሶኬቱ ተነቅሎበት ነው።"

"መቼ?"

"ቅዳሜ ማታ።"

ያልኩት ለራሴም የተሰማኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። አጎቴ የተረፉትን ወረቀቶች ጫፍ ለጫፍ ሲያስተካክል ቆየና "መብራት ጠፍቶ ይሆናል" አለ። ቅዳሜ ማታ መብራት አልጠፋም። ቤታችን ከሱቁ ጋር አንድ መስመር ላይ ነው፤ እኔም ያጠብኩትን ልብስ ስተኩስ ነው ያመሸሁት። ይህን አልነገርኩትም።

"ለሌላ ሰው ነግረሻል?" አለኝ።

"ለማንም።"

"ጎሽ። እንደ ጭምትነት ያለ ሀብት የለም" ብሎ ፀጉሬን ዳበሰኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ እንደዚያ ይዳብሰኛል። ትናንት ግን እጁ ራሴ ላይ ቆየ።

ዛሬ ጠዋት ጠረጴዛው ስር ስጠርግ ጫማው የለም። "እዚህ የነበረው ጫማስ?" ስለው "የምን ጫማ?" አለኝ። ቀጥሎም ነገ አንድ ባለሙያ መጥቶ በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን ሁሉ ሙልጭ አድርጎ አጥፍቶ እንደ አዲስ እንደሚጭንለት ነገረኝ። "ደህና ሆኗል እኮ" አልኩት። "በሽታ የሚነቀለው ከሥሩ ነው" አለ።

በምሳ ሰዓት አጎቴ ወጣ እንዳለ የእታለም እናት መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። "ልጄ፣ ዛሬም ምንም አልሰማሽም?" አሉኝ። ድምፄ እንቢ ስላለኝ እጃቸውን ይዤ ወደዚህ መጣሁ።

ያን ማታ አፕዴቱን ከእታለም በቀር ሊያስጀምረው የሚችል ሰው አልነበረም። ስለዚህ በአሥር ሰዓት አልወጣችም። አስጀምራው ከነበረም ሳያልቅ በፈቃዷ አትነሳም። ሶኬቱን ማን እንደነቀለው አላየሁም፤ ያላየሁትንም አልጨመርኩም። አጎቴን ለመጉዳት ብዬ የተናገርኩት ቃል የለም። መርማሪዋ ከላይ እስከ ታች አንብባልኝ ያልኩት ይኸው መሆኑን ሰምቼ ፈርሜበታለሁ።

ዛሬ የእታለም እናት ዘንድ አድራለሁ። ነገ ጠዋት ባለሙያው ሳይደርስ ከፖሊሶቹ ጋር ሱቁ እገባለሁ። ፓስወርዱን የማስገባው እኔ ነኝ፤ ታሪኩንም ከፍቼ የማሳየው እኔ ነኝ። አጎቴ ፊት ለፊቴ ቢቆምም፣ እስኪያልቅ ድረስ ከወንበሯ አልነሳም።

የምስክሯ ፊርማ፦ ተፈርሟል
ቃሉን የተቀበለችው መርማሪ ፊርማ፦ ተፈርሟል
ቃሉ ሲሰጥ አብረው የነበሩ፦ የጠፋችው ጸሐፊ እናት፣ የጣት አሻራ